ሁዳዴን ይዤ ወደ አውሮፓ፦ ምን ልቅመስ? ከምንስ ልጠንቀቅ?

ጥያቄዬን በኢንተርኔት የለጠፍኩት ከመንገዴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ጉዞው ብራስልስ ይጀምራል፤ እዚያ የአጎቴ ልጅ አለች። ከዚያ በባቡር ቪየና፣ ቦሎኛ፣ ኔፕልስ። በመጨረሻ ከባሪ በመርከብ ወደ ፓትራስ ተሻግሬ ፋሲካን አቴንስ ላይ ላከብር አስቤያለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። ሙሉ ጉዞው ሁዳዴ ውስጥ ይውላል። አብሮኝ የሚሄደው አብሮ አደጌ ደግሞ ሙስሊም ነው። እሱ ሃላል ይፈልጋል፣ እኔ የጾም እፈልጋለሁ። አሳማ ግን ሁለታችንም አንነካም።

ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አውሮፓ አሳማና አይብ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። በሶ ቋጥሬ እንድሄድ የመከሩኝም ነበሩ። እኔ አልተቀበልኩም። የድሮ አውሮፓ ገበሬ በየቀኑ ሥጋ አልበላም ብዬ ጻፍኩ። ያሳደገው ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ዳቦ ነው። ያ ምግብ ዛሬም አለ፤ ስሙን የሚያውቅ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። በየከተማው ሳልቀምሰው ብመለስ የሚቆጨኝ የቱ ነው? ጾም መስሎ ጾም ያልሆነውስ የቱ ነው?

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ለሚቀጥለው ተጓዥ ይጠቅማል ብዬ በየተራው እተርከዋለሁ። የተጋጋለውንም ክርክር አልዘለልኩትም።

1. የቀደመው ብራስልስ የሚኖር ወንድም ነው። በመልካም ምኞት ጀመረና ስለ ድንች ጥብስ ጻፈ። ቤልጅጎች ድንቹን ሁለት ጊዜ እንደሚጠብሱት ነገረኝ፤ መጀመሪያ ለዘብ ባለ ሙቀት ውስጡ እንዲበስል፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ በኃይለኛ ሙቀት ላዩ ኩርሽም እንዲል። ‹ፍሪትኮት› ከሚባሉት የመንገድ ዳር ትንንሽ ቤቶች ገዝቼ፣ በወረቀት ጥቅልል ይዤ፣ ቆሜ እንድበላ መከረ። ጾመኛ ያለ ሐሳብ የሚበላው ምግብ እንደሆነም አከለበት።

2. እዚህ ላይ አንዲት እህት ቶሎ ደረሰች። የመጀመሪያውን ሰው በአክብሮት ነው ያረመችው፤ ነገሩን ግን አላለሰለሰችውም። የቤልጅግ ድንች በባህሉ የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱ ቤቶች አሉ፤ ግን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። በፍላሚንኛ የበሬ ሞራው ‹ኦሰቪት› እንደሚባል ጻፈችልኝ። ማዮኔዙም እንቁላል አለበት።

3. የመጀመሪያው ወንድም ተመለሰ። ዓመታት ሙሉ አርብ አርብ ሲበላው እንደኖረ ተናገረ። ማንንም አልተከራከረም፤ እህትየዋን አመሰገነና ሰፈሩ ያለውን ቤት ሄዶ እንደሚጠይቅ ጻፈ። በማግስቱ ተመልሶ ሞራ መሆኑን አረጋገጠልን። ይህን መልስ በጣም ወደድኩት። ብዙዎቻችን ስንታረም ከማመስገን መሟገት ይቀናናል።

4. ቪየና የምትኖር እህት ረጅም ጻፈች። ሽኒትስልን፣ በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ የሚጠበሰውን ስስ ሥጋ፣ ለጓደኛዬ ነው ያብራራችው። በኦስትሪያ የምግብ ደንብ ‹ቪነር ሽኒትስል› ብሎ ብቻ የሚሸጥ የጥጃ ሥጋ መሆን አለበት። አሳማ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ይህ አሳማውን ያስቀራል፤ የእርዱን ጉዳይ ግን አይመልስም። በአሳማ ሞራ የሚጠብሱም ስላሉ ‹ሽማልትስ› የሚለውን ቃል ልብ እንዲል አስጠነቀቀችው።

ለእኔ የመረጠችው ቡናውን ነው። የቪየና ቡና ቤት ባህል እ.ኤ.አ. በ2011 በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጥቁር ቡና ታዝዣለሽ፣ በትንሽ ትሪ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይመጣል፣ ጋዜጣ ይዘሽ ግማሽ ቀን ብትቀመጪ የሚያስነሳሽ የለም። (ሴት መስዬያት ነበር።) ስለ ፖም ስትሩድል (ፖም በስስ ሊጥ የተጠቀለለበት ጣፋጭ) ግን አዝና ነበር የጻፈችው። ሊጡን ከስሩ ያለ ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ ያሳሱታል። ሊጡ ራሱ ዱቄት፣ ውሃና ዘይት ነው። ችግሩ ሲጠቀለል ቅቤ ይቀባል፣ ውስጥ የሚነሰነሰው የዳቦ ፍርፋሪም በቅቤ የታመሰ ነው። የድንች ሰላጣውም በማዮኔዝ ፈንታ ኮምጣጤና ዘይት ነው የሚገባበት፤ ብዙ ጊዜ ግን የሥጋ መረቅ ይጨመርበታል።

ይህን የመጨረሻውን ምክር ቪየና ስደርስ ዘነጋሁት። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ የድንች ሰላጣው ሥጋ አለው ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። የለውም አሉኝ። ሁለት ጉርሻ ከበላሁ በኋላ መረቁን ጠየቅኩ፤ አለው። ሥጋ አለው ወይ ማለት አይበቃም። በምን ተቀቀለ፣ በምን ተጠበሰ ማለት ያስፈልጋል።

5. አምስተኛው ሰው ቆጣ ብሎ ገባ። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ሽኒትስሉን፣ አይቡን፣ ቋሊማውን ሳይቀምሱ መመለስ ከንቱ ድካም እንደሆነ ጻፈ። ከፋሲካ በኋላ ሂድ፤ ካልሆነ አገርህ ሆነህ በያይነቱ ብላ የሚል መንፈስ ነበረው። አስተያየቱ ብዙ ድጋፍ አገኘ።

6. መልስ የሰጡት አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ጾም ሻንጣ አይደለም፣ ቤት ጥለውት አይሄዱም የሚል ነበር ነገራቸው። መንገደኛ ወይም ሕመምተኛ የሚቸገርበት ነገር ካለ የንስሐ አባቱን ይጠይቃል እንጂ የማያውቀው ሰው በአደባባይ አይፈርድለትም አሉ። ቃላቸው ሻካራ ነበር፤ ሐሳባቸው ግን ትክክል ነው። ጠያቂው ምን እንደሚበላ እንጂ መጾም እንዳለበት አልጠየቀም ብለው ነገሩን ወደ ቦታው መለሱት።

7. ቦሎኛ የተማረ ልጅ ከዚህ በኋላ ገባና አሳዘነኝ። በከተማዋ ቅጽል ስሞች ውስጥ አንዱ ወፍራሟ የሚል ነው። የምግቧ መሠረት እንቁላል፣ ቅቤ፣ አይብና አሳማ ነው። ዝነኛው ስጎዋ ራጉ ይባላል። የጣሊያን የምግብ አካዳሚ አሠራሩን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1982 በከተማው ንግድ ምክር ቤት አስመዝግቦታል። የበሬ ሥጋ፣ ፓንቼታ የሚባል የአሳማ ሥጋ፣ ወይንና ወተት አለበት። ለጾመኛም ለሙስሊምም የሚሆን አይደለም ማለት ነው። የሚበላውም በስፓጌቲ አይደለም፤ ታልያቴሌ በሚባል ጠፍጣፋ ፓስታ ነው። የታልያቴሌው ስፋት ሳይቀር ተወስኗል፤ ከተቀቀለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1972 ከወርቅ የተሠራ ናሙና ንግድ ምክር ቤቱ ተቀምጧል።

ከዚያ የጉዞውን ትልቁን ምክር ሰጠኝ። በዚያ አካባቢ ትኩስ ፓስታ በእንቁላል ነው የሚቦካው። ደረቁ ፓስታ ግን ሌላ ነው። የጣሊያን ሕግ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴና ከውሃ እንዲሠራ ያዛል። በእንቁላል ከተሠራ በስሙ ላይ ይገለጻል። ስለዚህ ጾመኛ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ይቀለዋል። ቦሎኛ አንድ ቀን ብቻ አድሬ፣ አይቻት፣ ቶሎ ወደ ኔፕልስ እንድወርድ መከረኝ። እንዲያው አደረግኩ።

8. እዚህ ጋ ወሬው ዞረ። አንዲት እህት የአዲስ አበባን ስጎ አነሳች። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ስጎ ለእሷ ከራጉው እንደሚበልጥ ጻፈች። ስጎ፣ ሳልሳ፣ ፎርኖ፣ ላዛኛ፣ ፎርማጆ እያለች የቃላት ዝርዝር አወጣች። ሮም ሄዳ ማኪያቶ ስታዝ በትንሽ ሲኒ ጥቁር ቡና ጠብ ያለ ወተት አርፎበት ቀረበላት። የኛው ማኪያቶ ወተቱ የበዛ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ እንደሚረክስም ነገረችን፤ ይህ ለበጀት የሚሆን ቁም ነገር ነው።

9. ይህን ጊዜ አንድ ሰው ተቆጣ። እነዚህን ቃላት እንደ ጌጥ መደርደር እንደማይገባ ጻፈ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሆነውን አስታወሰ። ስለ ጣሊያን ምግብ በዚህ ደስታ መጻፍ አያቶቹን መርሳት መሰለው። ቃሉ ከባድ ነበር። እህትየዋን በግል የሚነካ ነገርም ነበረበት።

10. ነገሩን ያበረዱት እኒያው ስድስተኛው አዛውንት ናቸው። ሐዘኑን አልናቁበትም። አባታቸው አርበኛ እንደነበሩና በሕይወት እስካሉ ፓስታ በአፋቸው እንዳልዞረ ነገሩን። እሳቸው ግን ለልጆቻቸው ስጎ እየሠሩ ነው ያሳደጉት። ቤታቸው ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ ታሪኩም ይነገራል፣ ስጎውም ይሠራል። ሰውየው እህትየዋን ይቅርታ እንዲጠይቅ በአባትነት ለመኑት። ጠየቀም።

11. ኔፕልስ ሠርታ የኖረች ሴት እስከ አሁን ያነሰ ትኩረት ስላገኘው ፒዛ ጻፈች። ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገረችኝ። ከኔፕልስ ሁለት ጥንታዊ ፒዛዎች አንዱ ማሪናራ ነው፤ አይብ የሌለው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ። ስሙ የባሕር ምግብ ያለበት ያስመስለዋል፤ የለበትም። ሊጡም ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። በእንጨት በሚነድ ምድጃ ከ90 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይወጣል። የፒዛ ጋጋሪዎቹን ጥበብ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ይህ መልስ ልቤን ሞላው። የጾም ፒዛ ልመና አይደለም ማለት ነው። አይብ አንሡልኝ እያልኩ አስተናጋጅ አላስቸግርም። ከነስሙ፣ ከነክብሩ የቆመ ምግብ ነው። ኔፕልስ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ ሦስቱንም ቀን በላሁት። ጠርዙ እዚህም እዚያም አርሯል፣ መሐሉ ለስላሳ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ አፍ ላይ ይቀራል። ጓደኛዬም ያለ ስጋት በላ።

12. ዱባይ የሚኖር ወንድም ለጓደኛዬ ሲል ገባ። እሱም ሙስሊም ነው፣ ጣሊያንን በደንብ ያውቃል። ዳቦና ኩኪስ ንጹሕ ይመስላል፣ አደጋው ግን እዚያ ነው አለ። ኔፕልስ ውስጥ ታራሊ የሚባል ክብ ደረቅ ዳቦ አለ፤ ቁንዶ በርበሬና ለውዝ ያለው፤ ባህላዊው በአሳማ ሞራ ነው የሚቦካው። ስፎልያቴላ የሚባለው ንብርብር ጣፋጭም እንደዚያው። ሁለት ቃል በስልካችን እንድንይዝ ነገረን፤ ‹ስትሩቶ› እና ‹ሱኛ›። ሁለቱም የአሳማ ሞራ ናቸው። ቃሉን ብቻ እያሳየን ስንት ነገር አመለጥን።

13. አንድ ሰው በመንገዴ ላይ የሌለ ከተማ አመጣ። ደቡብ ፈረንሳይ ኒስ ሄዶ ሽሮ በልቶ እንደተመለሰ ጻፈ። ሶካ ይሉታል፤ የሽምብራ ዱቄት ነው። ድንበር ተሻግሮ ጀኖዋ ላይ ፋሪናታ ይባላል።

14. ይህን ያረመው ምግብ አብሳይ ነኝ ያለ ሰው ነው። ሽሮ አይደለም። የሽምብራውን ዱቄት በውሃ፣ በወይራ ዘይትና በጨው በጥብጠው በሰፊ የመዳብ ትሪ ላይ ያፈሱታል። እንጨት የሚነድበት ምድጃ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ሲጠቁር አውጥተው ይቆራርጡታል፣ ቁንዶ በርበሬ ይነሰንሱበታል፣ በእጅ ይበላል። ሽሮው ተቁላልቶ ይፈላል፣ ይህ ይጋገራል። የሚያመሳስላቸው ሽምብራው ብቻ ነው። ደግሞ ሲቀዘቅዝ አይበላም አለ፤ ከምድጃው እንደወጣ ነው። አስራ ሦስተኛው ሰው ለማንኛውም እናቱ ፊት እንደተቀመጠ ተሰምቶት እንደነበር መለሰ። በዚህ ማንም አልተከራከረውም።

15. ፖላንድ የምትማር ልጅ ፖላንድ መረሳቷ ከፍቷት መጣች። ዙሬክ ስለሚባል ሾርባ ጻፈች። ራይ የሚባል እህል ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ለቀናት ይኮመጥጣል፤ ክራኮቭ ላይ መጀመሪያ ስታሸተው የእንጀራ ሊጥ ትዝ አላት። ሾርባው ቋሊማና እንቁላል ስለሚገባበት ለእኔ አይሆንም። ጎመንና እንጉዳይ የተሞላ ፒዬሮጊ ግን የገና ዋዜማ ምግብ ነው፤ ሥጋ የለውም። ሊጡ እንቁላል እንዳለው፣ ላዩ ቅቤ እንደፈሰሰበት መጠየቅ አይቀርም።

16. አሁን ወደ አቴንስ። ለብዙ ዓመት እዚያ የኖረች እናት የጻፉት መልስ የዚህ ሁሉ ውይይት እምብርት ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ጥንቃቄ ብቻ ነበር የምናወራው። እሳቸው ስለ ደስታ ጻፉ።

ግሪኮች ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነው። ጾማቸው ከእኛ በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ይጀምራል። እኛ ዘወረደን ስንጾም እነሱ ሥጋ ትተው አይብ የሚበሉበት ሳምንት ላይ ናቸው። ከዚያ ንጹሕ ሰኞ የሚሉት ቀን ይመጣል። ላጋና የሚባል ጠፍጣፋ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ በዚያን ቀን ይጋገራል። ሃልቫም ይበላል፤ ከሰሊጥ ልቁጥ የሚሠራው።

አንድ ቃል ብቻ እንድይዝ ነገሩኝ። ‹ኒስቲሲሞ›። የጾም ማለት ነው። እኛ የጾም አለ እንደምንለው ነው፤ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ማብራራት የለም፣ መለመን የለም። ፋሶላዳ የሚባል የነጭ ቦሎቄ ሾርባ አለ፣ ካሮትና ሰለሪ ያለው። ላዴራ የሚሏቸው በወይራ ዘይት የበሰሉ አትክልቶች አሉ። ከሁሉም ግን ፋቫ እንዳያመልጠኝ አደራ አሉ። ስሙ ባቄላ ያስመስለዋል፤ የሳንቶሪኒው ግን ከብጫ ክክ ነው የሚሠራው። ተቀቅሎ ይፈጫል፣ የወይራ ዘይት ይፈስበታል፣ ሽንኩርት ከላይ ይደረጋል።

አቴንስ በገባሁ ማታ አዘዝኩት። ክክ አልጫ ነው። እርድ የለውም፣ ዝንጅብል የለውም፤ ግን ክክ አልጫ ነው። ስድስት መቶ ዓመት ተራርቀው የቆዩ ዘመዳሞች ድንገት የተገናኙ ያህል ተሰማኝ።

17. አንድ ወጣት እዚያው አቴንስ ጾም ላይ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ እንደሚበላ ጻፈ። ግሪኮች ደም የለውም ብለው ይፈቅዱታል፤ አብረን ኦርቶዶክስ ከሆንን ለእኛስ ለምን አይሆንም ነው ጥያቄው።

18. እሳቱ ከዚህ ተነሣ። አንዱ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በሕገ ኦሪት እንደተከለከለ፣ የእኛም ቤት ይህን ልማድ እንደያዘ ጻፈ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወጣቱን እምነት የለሽ ብሎ ጠራው። ሦስት አራት ሰው ተረባረበ። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም ወደሚለው አሮጌ ሙግት ገቡ፤ ግማሹ ሳይነበብ የሚታለፍ ስድብ ነው።

19. አቴንስ ያሉት እናት እንደገና ገቡ። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ልማድ እንዳላቸው በትዕግሥት አስረዱ። ግሪኮች ዓሣንም በዐቢይ ጾም አይበሉም፤ ሁለት ቀን ብቻ ይፈቀዳል። አንዱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 የሚውለው የብሥራት በዓላቸው ነው፣ ሌላው ሆሳዕና። ያን ጊዜ የተጠበሰ ደረቅ ኮድ ዓሣ በነጭ ሽንኩርት ስጎ ይበላሉ። በሌላ በኩል በጥብቅ ቀናት የወይራ ዘይት እንኳ ይተዋሉ፤ እኛ ዘይት አንከለክልም። አንዱ ሌላውን ልል ነው ማለት አይችልም። ስቅለት ዕለት ምስር በኮምጣጤ ይበላሉ፣ ለጌታ የቀረበለትን ኮምጣጤ ለማሰብ። እኛ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንደምንበላው።

እኔ ኦክቶፐሱን አልነካሁም። ወጣቱን ግን እምነት የለሽ ማለት ነውር ነው፤ ያኔም ጽፌዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ።

20. ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ ስለ ፋሲካ ሌሊት ነው። ጸሐፊው ጀርመን የሚኖር ሲሆን አንድ ዓመት አቴንስ ሄዶ አክብሯል። እኩለ ሌሊት ላይ ክርስቶስ ተነሣ ሲባል ሻማ ይለኮሳል። ሰው ሻማውን ሳያጠፋ ይዞ ቤቱ ይገባል። ጾም የሚገደፈው ማጊሪትሳ በሚባል ሾርባ ነው። የበግ ሳንባ፣ ልብ፣ ጉበትና አንጀት ተከትፎ፣ ከሰላጣ ቅጠልና ከእንስላል ጋር ይበስላል። በመጨረሻ እንቁላልና ሎሚ ተመትቶ ይጨመርበታል። በጉ ራሱ እሑድ ቀን በእንጨት ተሰክቶ ይጠበሳል፤ ሌሊት የሚበላው የውስጥ ዕቃው ነው።

የዚያን ሰው ምክር ተከትዬ አንድ ቤተሰብ ጋር ተጋብዤ በላሁት። ዱለት ትዝ አለኝ። ሚጥሚጣ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ሎሚው ቀድሞ ይመጣል። ግን ያው ነው፤ ከበጉ ምንም አይጣልም፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላውም እሱ ነው። ጓደኛዬ አጠገቤ ቀይ እንቁላል እየላጠ ነበር። እንቁላል ለእንቁላል አጋጭተን የሱ ሳይሰበር ቀረ፤ የቤቱ አያት ዕድለኛ ነህ ብለው ሳሙት።

21. የመጨረሻው መልስ የመጣው እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ጸሐፊው አምስተኛው ሰው ነው፤ ከንቱ ድካም ነው ያለኝ። ሚስቱ ጾመኛ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው ኔፕልስ ሊሄዱ ነው። ያቺ አይብ የሌላት ፒዛ ስሟ ማን ነበር፣ የአሳማ ሞራውስ በጣሊያንኛ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። ማሪናራ። ስትሩቶ፣ ሱኛ። ሦስቱንም ጻፍኩለት።